አውሮፕላን በ72 ሲካፈል

ድርብ ክንፍ ያላቸውን የጥንት አውሮፕላኖች አሳንሶ የመሥራት ሙያ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ያስተናግዳል። አንደኛው የፕላስቲክ ኪት ገዝቶ፣ መመሪያው እንዳዘዘው አጣብቆ፣ ቀለም ቀብቶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል፤ ይህ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ይወስደዋል። ሁለተኛው ያንኑ ኪት ገዝቶ ሳጥኑን ከከፈተ በኋላ የአብራሪውን መቀመጫ ውፍረት ይለካል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ክፍሉን ወደ ጎን አድርጎ ሌላ መሥራት ይጀምራል። ከባዶ መሥራት የሚባለው ይኸው ነው፤ ፋብሪካ ያዘጋጀውን ክፍል ትቶ ከፕላስቲክ ሉህ፣ ከሽቦ፣ ከናስ ቱቦ፣ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የራስን መቅረጽ። ሥራው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ይቆጥባል ተብሎ ይጀመራል። ከዚያ ኪቱን ለማረም ቁሳቁስ ይገዛል፤ ቁሳቁሱን ለመቁረጥ መሣሪያ ይገዛል፤ መሣሪያው የሚቀመጥበት ጠረጴዛም ይገዛል። የቁጠባው ነገር ከጠረጴዛው በኋላ አይነሣም።

የሙያው ሕግ ሁሉ የሚመነጨው ከስኬል፣ ማለትም ከማሳነሻው ልክ ነው። የተለመዱት ስኬሎች 1/72፣ 1/48 እና 1/32 ናቸው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 የሆነ አብራሪ በ1/72 ሲሠራ 25 ሚሊሜትር፣ በ1/48 37.5 ሚሊሜትር፣ በ1/32 ደግሞ 56 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። 1/72 ከእንግሊዝ ልኬት የተወሰደ ነው፤ አንድ ኢንች ስድስት ጫማን ይወክላል። ሒሳቡ ማካፈል ለሚያውቅ ተማሪ ሁሉ ቀላል ነው። የሚከብደው መልሱ ነው። በዋናው አውሮፕላን ላይ 5 ሚሊሜትር የሚወፍር ሽቦ በ72 ሲካፈል 0.07 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህ የሰው ፀጉር ውፍረት ነው። በተቃራኒው ኪቱ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር የሆነው የክንፍ የኋላ ጠርዝ ወደ እውነተኛው መጠን ሲመለስ 36 ሚሊሜትር ይወጣዋል፤ በዚህ ውፍረት አውሮፕላን ሳይሆን የአጥር በር ይሠራል። የሠሪው እጅ አንድ ሚሊሜትር ሳተ ማለት በትልቁ አውሮፕላን ላይ ከ7 ሴንቲሜትር በላይ ሳተ ማለት ነው።

ስለዚህ ሙያው ሁሉን ነገር በ72 ማካፈል አይደለም። በልኩ የሚካፈለውን፣ ወፈር ብሎ የሚቀረውንና ጨርሶ የሚተወውን መለየት ነው። በልኩ ያነሰ ነገር አንዳንዴ አይታይም፤ እውነት እንዲመስል ትንሽ መዋሸት ያስፈልጋል። ጥሩ ሠሪ የሚታወቀው የት እንደሚዋሽና የት እንደማይዋሽ በመምረጡ ነው።

ሙያው ከፕላስቲክ ኪት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1932 እንግሊዝ ውስጥ ስካይበርድስ በሚል ስም የወጡት የእንጨት ኪቶች 1/72ን አስለመዱ፤ በ1936 ፍሮግ የተባለው ድርጅት ፔንግዊን ብሎ የሰየማቸውን የፕላስቲክ ኪቶች በዚያው ስኬል አወጣ። የሚፈልገው አውሮፕላን በሳጥን ያልወጣለት ሰው ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ያለው ምርጫ ራሱ መሥራት ብቻ ነበር። እንግሊዛዊው ሃሪ ዉድማን በ1970ዎቹ ባሳተመው መጽሐፍ ሙሉ አውሮፕላን ከፕላስቲክ ሉህ ተቆርጦ እንዴት እንደሚሠራ አስተምሯል። በ2009 ደግሞ የፊልም ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን ኒውዚላንድ ውስጥ ያቋቋመው ዊንግነት ዊንግስ በ1/32 እጅግ የጠሩ የአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ኪቶችን ማውጣት ጀመረ። እንዲህ ያለ ኪት ከባዶ ለሚሠሩት ምክንያት ማሳጣት ነበረበት። አላሳጣም፤ ኪቱ ወደ ፍጹምነት በቀረበ ቁጥር የቀረችው አንዲት እንከን ይበልጥ ዓይን ታሳክካለች። ድርጅቱ በ2020 ሥራውን አቆመ። ከዚያ ወዲህ የኪቶቹ ዋጋ በመናሩ፣ በእጃቸው ያለ ሰዎች ሳጥኑን መክፈት ፈርተው ለውርስ እንደተቀመጠ ንብረት ይጠብቁታል።

የቁሳቁሱ ምንጭ በከፊል ሱቅ፣ በከፊል የገዛ ቤት ነው። ከሱቅ የተለያየ ውፍረት ያለው ነጭ የፕላስቲክ ሉህ፣ የፕላስቲክ ዘንግ፣ ቀጭን የናስ ቱቦና ሱፐር ግሉ ይገዛል። የቀረው ከቤት ይሰበሰባል፤ ምላጭ፣ ወረንጦ፣ የስፌት መርፌ፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር፣ የጊታር ክር፣ የመጠጥ ጣሳ፣ ከወይን ጠርሙስ አንገት የተላጠ ልባስ። ከተበላሸ የስልክ ቻርጀር ገመድ ውስጥ የሚወጡት የመዳብ ክሮች ከፀጉር ብዙም ስለማይወፍሩ እንደ ትልቅ ሀብት ይቆጠራሉ። እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ቤት የተበላሸ ነገር አይጣልም፤ ያልተበላሸውም ዋስትና የለውም።

ከሁሉ ርካሹ ቁሳቁስ የኪቱ ክፍሎች ተያይዘው የሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ነው። ቁራጩ ከሻማ ነበልባል ከፍ ብሎ እየተሽከረከረ ይሞቃል፤ ለስልሶ መጉበጥ ሲጀምር ከእሳቱ ራቅ ተደርጎ በሁለት እጅ ይሳባል፤ እስኪበርድም ሳይለቀቅ ይያዛል። ፈጥኖ የሳበ ቀጭን ክር፣ ቀስ ብሎ የሳበ ወፍራም ክር ያገኛል። ከእሳቱ ማውጣት የዘገየ ጭስ ያገኛል፤ ከቤተሰቡም አስተያየት ያገኛል።

የሚሠራው አውሮፕላን ምርጫ የሠሪውን ጠባይ ያሳያል። ብዙዎች የሚጀምሩት በእንግሊዙ ሶፕዊዝ ካሜል ነው። ካሜል መጀመሪያ የበረረው በታኅሣሥ ወር 1916 እ.ኤ.አ. ሲሆን የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 8 ሜትር ከ53 ሴንቲሜትር ነው፤ በ1/72 ወደ 118 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ መዳፍ ላይም ያርፋል። ሽቦ መወጠር የሚፈራ ሰው የጀርመኑን ፎከር ዲ-7 ይመርጣል። ክንፎቹ ወፍራምና በውስጣቸው ጠንካራ ስለነበሩ በመካከላቸው ወጣሪ ሽቦ አያስፈልጋቸውም ነበር። አውሮፕላኑ ከመፈራቱ የተነሣ በ1918ቱ የተኩስ ማቆም ስምምነት ጀርመን እንድታስረክብ በስም ተጠርቶባታል። ይሁን እንጂ ፎከሩን የመረጠ ሰው ከሽቦ አመለጠ እንጂ ከመከራ አላመለጠም፤ የክንፉ ጨርቅ በፋብሪካ አራት ወይም አምስት ቀለም ባላቸው ባለ ብዙ ጎን ቅርጾች የታተመ ነበርና፣ ያን ሁሉ ሳያዛንፍ ማልበስ ይጠብቀዋል። አልባትሮስ የሚመርጥ ደግሞ ገላው ከስስ የእንጨት ሉህ የተሠራ ስለነበር ፕላስቲክን እንጨት ለማስመሰል በዘይት ቀለም የእንጨት ጅማት ሲስል ይከርማል።

ለኢትዮጵያዊ ሠሪ የሚቀርበው የፈረንሳዩ ፖቴዝ 25 ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. በአንድሬ ማዬ አብራሪነት ከጅቡቲ መጥቶ አዲስ አበባ ያረፈው አውሮፕላን ይህ ነበር። የላይኛው ክንፉ 14 ሜትር ከ14 ሴንቲሜትር ስለሆነ በ1/72 እንኳ ወደ 20 ሴንቲሜትር ይጠጋል፤ የታችኛው ክንፍ ከላይኛው ስለሚያጥር አንዱን ክንፍ ሠርቶ ሁለተኛውን በዚያው ልክ መቁረጥ አይቻልም። ታሪክን የሚወድ ሰው ይህን ችግር በደስታ ይቀበላል፤ ቢያንስ ለመጀመሪያው ሳምንት።

ሥራው ከውስጥ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ኮክፒት፣ ማለትም አብራሪው የሚቀመጥበት ክፍል ነው። የካሜል መቀመጫ ከቀጭን ልምጭ የተጎነጎነ ስለነበር ከፕላስቲክ ተቀርጾ የወጣው የኪት መቀመጫ አያጠግብም። ከባዶ የሚሠራው መጀመሪያ የመቀመጫውን ወለል ከሉህ ይቆርጣል፤ ዙሪያውን በቀጭን መሰርሰሪያ ይበሳል፤ በየቀዳዳው የመዳብ ሽቦ ያቆማል፤ ከዚያ በሽቦዎቹ መካከል ክር እየመላለሰ ይጎነጉናል። ቀዳዳዎቹ ጎዶሎ ቁጥር ሊሆኑ ይገባል፤ ሙሉ ቁጥር ከሆኑ ክሩ በየዙሩ በዚያው በኩል እያለፈ ጉንጉኑ አይያዝም። ቀበቶው ከስስ ልባስ ይቆረጣል፤ ማያያዣው በመርፌ ላይ ከተጠመጠመ ሽቦ ይወጣል። የመሣሪያ ሰሌዳው መስታወት አንዲት ጠብታ ቫርኒሽ ነው።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የገላው ሁለት ግማሾች ይጣበቃሉ፤ ኮክፒቱም ለዘላለም ይዘጋል። በ1/72 የሚቀረው ክፍተት ከአተር ብዙም የማይሰፋ ስለሆነ መቀመጫው ጥላ ብቻ ነው። እዚህ ላይ መዋሸት በሕግ የተፈቀደ ነበር፤ ባዶ ቢተውም የሚያውቅ የለም። ሆኖም ሌላ ቦታ ያለ ሐፍረት የሚዋሹ ሠሪዎች እዚህ ላይ አንዲት ቀበቶ እንኳ አያስቀሩም። እንግዳ ሲመጣ «ውስጡ ሙሉ ነው» ይባልለታል። እንግዳውም ያምናል፤ ሌላ ምን ምርጫ አለው?

ቀጥሎ ሞተር ይመጣል። የካሜል አንዱ ሞተር 130 የፈረስ ጉልበት ያለው ክሌርዤ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሞተር አሠራር ለዛሬ ሰው እንግዳ ነው፤ ዘንጉ ከአውሮፕላኑ ጋር ታስሮ ይቆማል፣ ዘጠኙ ሲሊንደሮች ከፕሮፔለሩ ጋር አብረው ይዞራሉ። ዘጠኝ መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ በአራት ምት የሚሠራ ክብ ሞተር እሳቱን አንድ እየዘለለ ስለሚያቀጣጥል ጎዶሎ ቁጥር ይሻል። ሠሪው ክቡን በ40 ዲግሪ እየከፈለ ዘጠኝ ቦታ ያደርገዋል፤ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ የቀረው ክፍተት 40 አለመሆኑን ይረዳና እንደገና ይጀምራል።

የሲሊንደሩ ማቀዝቀዣ ሽንሽን የሚሠራው የፕላስቲክ ዘንግ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በመጠምጠም ነው። የእውነተኛው ሽንሽን ብዛት በልኩ ቢቀነስ ዓይን አይለየውም፤ ዘንጉ ልሙጥ ይመስላል። ስለዚህ ጥምጥሙ ይቀነሳል፣ ሽቦው ወፈር ይላል፣ ሞተሩም በውሸቱ ምክንያት እውነተኛ ይመስላል። ከዚያ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ፊት ሁለት ሁለት ቫልቭ ገፊ ዘንጎች ይቆማሉ፤ በጠቅላላው 18። አሥራ ስምንተኛው ሲጣበቅ የመጀመሪያው ይወድቃል።

ሞተሩን የሚከበው የብረት ሽፋን በኪቱ ላይ ሁልጊዜ ወፍራም ነው። ከባዶ የሚሠራው የሽፋኑን ቅርጽ ከእንጨት ይጠርብና በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል፤ በአንድ ጣውላ ላይ ከቅርጹ ትንሽ የሰፋ ቀዳዳ ያወጣል፤ ስስ የፕላስቲክ ሉህ በጣውላው ላይ ወጥሮ በሙቀት ካለሰለሰ በኋላ እንጨቱን ከላይ ይጫነዋል። ሉሁ እንጨቱን ለብሶ ይወጣል፣ ወይም ይቀደዳል። በቂ ሉህ መግዛት የሚመከረው ለዚህ ነው።

መትረየሶቹ ከሞተሩ ጀርባ ይቀመጣሉ። በካሜል ላይ ሁለቱ ቪከርሶች ከኋላ በኩል ሻኛ በሚመስል ሽፋን ተሸፍነዋል፤ አውሮፕላኑም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ይህ ለሠሪው ትልቅ እፎይታ ነው፤ የጠመንጃው ግማሽ አይታይምና አይሠራም። የጀርመኖቹ መትረየስ ግን አፈሙዙ ዙሪያውን በተበሳ ቱቦ የተሸፈነ ነው። ለዚህ በኬሚካል ተበልቶ የተበሳ እጅግ ስስ የናስ ሉህ ይሸጣል። ሉሁ በነበልባል ተግሎ እንዲለዝብ ይደረግና በመሰርሰሪያ ዘንግ ላይ ይጠቀለላል። በአንድ ጊዜ መጠቅለል አለበት፤ ሁለት ጊዜ የታጠፈ ናስ ሦስተኛውን አይታገሥም።

ፕሮፔለር በዘመኑ ከተደራረቡ ጣውላዎች ይጠረብ ነበር፤ አሳንሶ የሚሠራውም ያንኑ ይከተላል። ጠቆር ያለና ነጣ ያለ ቀለም ያላቸው ስስ የእንጨት ልባሶች እየተፈራረቁ ይጣበቃሉ፤ ከደረቁ በኋላ በምላጭና በሞረድ ይጠረባሉ። ጠማማው ስለት ሲወጣ ንብርብሮቹ በራሳቸው የተጠማዘዘ መስመር ይሠራሉ። ከመላው ሥራ ውስጥ ማስመሰል የማያስፈልገው ክፍል ይህ ብቻ ነው፤ እንጨት እንጨት ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ መረጋገጥ አለበት፤ ፕሮፔለሩ በትክክለኛው አቅጣጫ መጠማዘዙ። በተቃራኒው የተጠረበ እንደሆነ አውሮፕላኑ ወደ ኋላ ለመሄድ የተዘጋጀ ነው።

ክንፎቹ የሚሠሩት ከሁለት የተጣበቁ የፕላስቲክ ሉሆች ነው። ጨርቁ በክንፉ አጥንቶች መካከል ሰርጎ የሚታየው በትንሹ ብቻ ነበር፤ በልኩ ቢሠራ ጣት እንኳ አይሰማውም፤ ብዙ ከሰረገ ደግሞ የተራበ በሬ ጎን ይመስላል። ልኩ በሁለቱ መካከል ነው፤ አጥንቶቹ በስስ ቁራጮች ይወጡና አብዛኛው መልሶ በብርጭቆ ወረቀት ይጠፋል። የኋላው ጠርዝ ብርሃን እስኪያሳልፍ ይፋቃል።

ካሜል እዚህ ላይ የራሱን ወጥመድ ያዘጋጃል። ለፋብሪካ ሥራ እንዲቀል ተብሎ የላይኛው ክንፍ ቀጥ ብሎ ሲቀር የታችኛው ብቻ በ5 ዲግሪ ወደ ላይ ቀና ብሏል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ወደ ጫፍ ሲሄድ ይጠባል፤ በጫፍ በኩል ያሉት ምሰሶዎች ርዝመት በግምት አይገኝም። ምሰሶዎቹ ከናስ ዘንግ ቢሠሩ ይጸናሉ። ክንፎቹ እስኪደርቁ የሚይዝ ማሰሪያም ከካርቶን ወይም ከልጆች መጫወቻ ጡቦች ይሠራል። ጡቦቹ ከባለቤታቸው ከተወሰዱ ማስፈቀድ ይገባል፤ ያለ ፈቃድ የተወሰደ ጡብ ሙጫው ሳይደርቅ ይነቀላል።

አሁን ሽቦው ይመጣል፤ ብዙ ሠሪ ከዚህ በፊት የሠራው ሁሉ መግቢያ እንደነበር የሚረዳው እዚህ ነው። ድርብ ክንፍ አውሮፕላን የሚጸናው በሽቦ ነበር። ከገላው ሥር ተነሥተው ወደ ላይኛው ክንፍ ጫፍ የሚሄዱት በበረራ ጊዜ የክንፉን የማንሣት ኃይል ይሸከማሉ፤ በተቃራኒው የሚወርዱት አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲሆን ክንፉ እንዳይወርድ ይይዛሉ። በካሜል ላይ የመጀመሪያዎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። በትንሹ አውሮፕላን ላይ ሽቦው ምንም አይሸከምም፤ ግን የላላ ሽቦ ከሩቅ ይታያል፣ የተጋነነ ውጥረት ደግሞ ክንፉን ያጎብጣል። የሚሠራበት በአብዛኛው ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር ወይም የሚለጠጥ ክር ነው። ክሩ ከአንዱ ክንፍ ቀዳዳ ይነሣል፣ በሌላው ይወጣል፣ ተስቦ በአንዲት ጠብታ ሱፐር ግሉ ይታሰራል። ክራር የሚቃኝ ሰው እንደሚያውቀው አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይረግባል፤ ልዩነቱ ክራሩ መቃኛ ሲኖረው እዚህ ያለው ሱፐር ግሉ ብቻ መሆኑ ነው። ትንሽ የረገበ የናይለን ክር የሞቀ ብረት ቢጠጋው ተሰብስቦ ይወጠራል፤ ቢነካው ይበጠሳል።

የሽቦው መወጠሪያ ብሎኖች ነገርም አለ። በእውነተኛው አውሮፕላን 10 ሴንቲሜትር የነበረው ብሎን በ1/32 3 ሚሊሜትር፣ በ1/72 1.4 ሚሊሜትር ነው። በትልቁ ስኬል ከቁራጭ ቱቦና ከተጠማዘዘ ሽቦ ይሠራል። በትንሹ ግን ክሩ ላይ በቀለም ነጥብ ማድረግ ይበቃል፤ ይህም ከተፈቀዱት ውሸቶች አንዱ ነው። የእንግሊዞቹ ሽቦ ነፋስ እንዲሰነጥቅ ጠፍጣፋ ነበርና ቀጭን ሽቦ እያንከባለሉ ጠፍጣፋ የሚያደርጉም አሉ። እነዚህ ሰዎች ሊከበሩ ይገባል፤ ከእነሱ ጋር መከራከር ግን አይመከርም።

ቀለም የሚያጣላ ምዕራፍ ነው። የዘመኑ ፎቶግራፍ ችግሩ ጥቁርና ነጭ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ብዙው ፊልም ቀይን ስለማያይ ቀይ እንደ ጥቁር፣ ሰማያዊ እንደ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ፎቶግራፍ ለሁለት ሠሪዎች ሁለት አውሮፕላን ይሰጣል፤ ሁለቱም ማስረጃ አላቸው። ቀለሙ ራሱ በስስ መቀባት አለበት፤ 0.1 ሚሊሜትር የወፈረ ቀለም በ1/72 የ7 ሚሊሜትር ልስን ነው። እንዲሁም ከዋናው ትንሽ ነጣ ተደርጎ ይቀባል፤ ትንሽ ነገር በልኩ ቀለም ሲቀባ ጠቁሮ ይታያል። በመጨረሻ ቆሻሻ ይጨመራል። የሚዞረው ሞተር የሚጠጣው የጉሎ ዘይት ነበር፤ ያልተቃጠለው ዘይት ወደ ኋላ እየተረጨ የገላውን ሆድና የአብራሪውን ፊት ይቀባ ነበር። አብራሪው የዋጠው ዘይት ሆዱ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ጉሎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይገምተዋል። በሞዴል ላይ የሚታየው ግን በሆዱ በኩል የሚሄደው ቡናማ ጭረት ብቻ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ክፍሎች ይጠፋሉ። ወረንጦ ሲጠብቅ ክፍሉ ተፈናጥሮ ይሄዳል፤ አቅጣጫውን ያየ ሰው የለም። የታወቀው ዘዴ መብራት አጥፍቶ ባትሪ ወለሉ ላይ አስተኝቶ ማብራት ነው፤ ትንሿ ክፍል ረጅም ጥላ ትጥላለች። ሁለተኛው ዘዴ የቤት መጥረጊያ ማሽኑን አፍ በስቶኪንግ ሸፍኖ መሳብ ነው፤ ክፍሉ ጨርቁ ላይ ይያዛል። ከእሱ ጋር ከዓመት በፊት የጠፉትም ይገኛሉ፤ ግን የየትኛው አውሮፕላን እንደሆኑ አይታወቅም። የጠፋው ክፍል ምትኩ ተሠርቶ ከተጣበቀ በኋላ ብቅ ማለቱም የታወቀ ነው።

ያለቀው አውሮፕላን በመስታወት ሳጥን ይቀመጣል። አቧራ በ72 አይካፈልም፤ ሽቦዎቹ መካከል የገባ እንደሆነ በለስላሳ ብሩሽ እንጂ በጨርቅ አይነካም። ለማንሣት ገላው ከሥር ይያዛል፤ በክንፍ ያነሣ ሰው ክንፍ ብቻ ይዞ ይቀራል። ይህን ደንብ የቤት ጠራጊም፣ ልጅም፣ ድመትም ስለማያውቁ ሳጥኑ ከፍ ያለ ቦታ ይሰቀላል።

የመጨረሻው ደንብ ስለ አፍ ነው። በየአውሮፕላኑ ላይ ሠሪው ብቻ የሚያውቃት አንዲት ስህተት አለች፤ ትንሽ ያዘመመች ምሰሶ፣ ጥምጥሙ የጎደለ ሲሊንደር። ተመልካች ክንፉን፣ ሽቦውንና ፕሮፔለሩን አድንቆ ያልፋል። የልፋቱን ልክ ለማስረዳት ብሎ ስህተቷን በጣቱ የጠቆመ ሠሪ ግን ዋጋውን ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ እንግዳው መቀመጫውንም ሞተሩንም አያይለትም፤ የሚያየው እሷን ብቻ ነው፣ ለሚቀጥለው እንግዳ የሚያሳየውም እሷኑ ነው።